አዋላጅ ሊያሠለጥኑ የመጡት ሐኪሞች

ጆሯችሁን ስጡኝማ። የማወጋችሁ ስለ አዋላጅ ነው፤ ወጉ የሚነሳው ግን ከአዋላጅ እጦት ነው።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1959 ባልና ሚስት ከትንሽ ልጃቸው ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ዶክተር ሬጂናልድ ሀምሊን የኒውዚላንድ ሰው፣ ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን አውስትራሊያዊት፤ ሁለቱም የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ናቸው። መንግሥት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም ፈልጎ በአንድ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር፤ ያንን አይተው ነው የመጡት። ውላቸው የሦስት ዓመት ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያላሰቡት ነገር ጠበቃቸው። ልብሳቸው የረጠበ፣ ከሰው ራቅ ብለው የሚቀመጡ ለጋ የገጠር ሴቶች! ምጡ ቀናት ፈጅቶባቸው፣ ጎረቤት ተሰብስቦ «ማርያም፣ ማርያም» ሲል አድሮ፣ በመጨረሻ ልጁ ሞቶ የወጣ። የሕፃኑ ጭንቅላት በጠባብ ዳሌ ውስጥ ተቀርቅሮ ሲቆይ መሃል ያለውን ሥጋ ከአጥንት ጋር ያጣብቀዋል፤ ደም ያጣው ሥጋ ይሞታል፣ ይበሳል። ከዚያ ወዲያ ሽንት አይቋጠርም። ባሏ ይፈታታል፤ ዘመድም ለብቻዋ ጎጆ ይቀልስላታል። ሰው እርግማን ይለዋል፤ ሐኪም ፊስቱላ ይለዋል። እኔ ደግሞ የምጡን ሰዓት የሚቆጥር ሰው አጠገቧ ባለመኖሩ የመጣ ጉዳት እለዋለሁ።

ትምህርት ቤቱ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ባልና ሚስቱ ግን እነዚያን ሴቶች ትተው መሄድ አልሆነላቸውም፤ ቀዶ ጥገናውን ያዙ፤ በ1974 ለፊስቱላ ብቻ የሚሆን ሆስፒታል ከፈቱ። ማሚቱ ጋሼ የሚባሉት ታካሚ ከባልና ሚስቱ ጋር ቀርተው አልጋ ከማንጠፍ ጀምረው፣ ከዶክተር ሬጂናልድ አጠገብ ቆመው ሙያውን ቀሰሙ፤ ኋላ ሐኪሞችን እስከማስተማር ደረሱ። አንዷ ድና ስትወጣ ግን ሌላዋ ትገባለች። ምንጩ አልደረቀማ!

ዶክተር ካትሪን በ2007፣ በ83 ዓመታቸው፣ ወደተጠሩበት ሥራ ተመለሱ። አዲስ አበባ ዳር ባለው ደስታ መንደር የአዋላጆች ኮሌጅ አቋቋሙ። ተማሪዎቹ ከየገጠሩ የተመለመሉ ሴቶች ናቸው፤ ተምረው ወደየአገራቸው ሊመለሱ ቃል ይገባሉ። ከ1959 እስከ 2007 ስንት ዓመት ነው? 48 ዓመት! ይህ ቁጥር ሁሌም ያንገበግበኛል።

እስቲ አሁን ወደ ጤና ጣቢያ እንዝለቅ። አዋላጇ ሲስተር፣ ፓርቶግራፍ የምትባለዋን የምጥ መከታተያ ወረቀት ይዛለች። በየግማሽ ሰዓቱ የጽንሱን የልብ ምት ታዳምጣለች፤ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ከሆነ ደህና ነው። የማህፀኑ በር ምን ያህል እንደሰፋም እየለካች ነጥብ ታኖራለች። ወረቀቱ ላይ ሰያፍ መስመር አለ፤ ነጥቦቹ እሱን ተሻግረው ወደ ቀኝ ካዘነበሉ ምጡ ዘግይቷል። የምጠኛዋ አማት «ትንሽ እንታገሥ፣ ማርያም ታውቃለች» ይላሉ። «እማማ፣ ማርያም ትርዳን፤ መኪናው ግን አሁኑኑ ይነሳ» ትላቸዋለች። ያች እናት ቀዶ ጥገና ካለበት ሆስፒታል በጊዜ ትደርሳለች።

በሰላም የወለደችውም ወዲያው የኦክሲቶሲን መርፌ ትወጋለች፤ እናቶችን ከሚጨርሱት አንዱ ደም መፍሰስ ነውና። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚባለው፣ ገንፎው የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው።

እንደ ፈረንጆቹ በ2000 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ልጆች አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ወደ 412 ወረደ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም፣ አምቡላንሱም፣ መንገዱም ድርሻ አላቸው። ሆኖም በዚያው በ2016 ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 26 ብቻ ነበሩ። የቀሩት እቤታቸው ነው ያማጡት።

የአዋላጇ ሥራ በወሊድ አያበቃም። ለ45 ቀኑ ክትባት እናትየው ሕፃኑን ታቅፋ ስትመጣ፣ ባልየውንም ካገኘችው ሁለቱን ጎን ለጎን ታስቀምጣለች። ጡቱን በደንብ ይጠባል ወይ? ደሙ ቆመ ወይ? እንቅልፍስ እንዴት ነው? ከዚያ ወደ ባልየው ዞር ትልና «ለሚቀጥለው ልጅ ቢያንስ ሁለት ዓመት ትረፍ፤ ሰውነቷ ገና አላገገመም» ብላ የመከላከያ ዓይነቶቹን አንድ በአንድ ታስረዳቸዋለች።