ስሙ ያልተጻፈበት ድምፅ



እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1769 ዓ.ም. ካፒቴን ኩክ ኒውዚላንድ በደረሰ ጊዜ፥ ከታሂቲ አብሮት የተሳፈረው የራያቴያ ተወላጅ ቱፓያ በገዛ ቋንቋው ቢናገር ማኦሪዎች ተረዱት። በሁለቱ አገሮች መካከል ግን 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ውቅያኖስ አለ። የፖሊኔዥያ ደሴቶች ቋንቋዎች የአንዲት እናት ልጆች ስለሆኑ ነው።

ይኸው ዝምድና ለአድማጭ ፈተና ይሆንበታል። የተናጋሪው አገር ያልተጻፈበት አሮጌ ሸክላ ቢገኝ፥ ቋንቋው የየትኛው ደሴት እንደሆነ በምን ይታወቃል? ድምፆች ከደሴት ወደ ደሴት የሚለወጡበት ሥርዓት አለ። «ሰው» ለማለት ማኦሪዎችና ቶንጋዎች «ታንጋታ» ይላሉ፤ ታሂቲዎች «ንግ»ን ትተው ጉሮሯቸውን ቆረጥ በማድረግ «ታአታ» ይላሉ፤ ሀዋይዎች «ት»ን በ«ክ»፥ «ንግ»ን በ«ን» ለውጠው «ካናካ» ይላሉ። «ቤት»ም በሳሞአ «ፋሌ»፥ በታሂቲ «ፋሬ»፥ በሀዋይ «ሃሌ»፥ በራፓ ኑይ «ሃሬ» ነው።

ይሁን እንጂ በአንድ ድምፅ ብቻ የሚፈርድ ይሳሳታል። ሳሞአዎች በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ቤት «ታንጋታ» የሚሉትን፥ በዕለት ጨዋታቸው «ካንጋካ» ይሉታል። «ክ»ን ሰምቶ «ይህ ሀዋይኛ ነው» ብሎ የቸኮለ ሰው የሳሞአን ልጅ ለሀዋይ ሰጠ ማለት ነው። «ንግ»ን ጭምር ያዳመጠ ግን አይስትም፤ ሀዋይኛ ይህ ድምፅ የለውምና። በአንጻሩ በሀዋይ ደሴቶች በኒሃው «ት» እስካሁን ይሰማል። ሚሲዮናውያን በ1826 ዓ.ም. ፊደሉን ሲወስኑ «ክ»ን መርጠው «ት»ን ስለ ተዉ፥ ሀዋይኛን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው በዚህ ይደናገራል።

ነገሩ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በመዝገብ ቤት የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ያለ ቦታው የገባ ፋይል ከጠፋ ፋይል አይሻልም። በሌላ ደሴት ስም የተመዘገበን ሸክላ፥ የአያቱን ድምፅ የሚፈልግ የልጅ ልጅ አያገኘውም።

ስለዚህ አድማጭ አስቀድሞ የሰማውን ሳያርም ይጻፍ፤ ብዙ ቃላትን ያነጻጽር፤ በመጨረሻም ሸክላውን ለደሴቶቹ ሽማግሌዎች ያሰማ። እስከዚያው ድረስ በመዝገቡ ላይ «ገና አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳያውቁ ስም መስጠት ነው።