የጮቄ ደጋ ልኬት ታሪክ፤ ከቢቸናና ከሞጣ አንጻር

የጮቄ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ 4,100 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድም ከገብስና ከድንች አገር እስከ ማሽላ ቆላ ድረስ ልዩ ልዩ የአየር ጠባይና የአፈር ዓይነት ይዞ ነው። ቢቸና በዚሁ ምሥራቃዊ ግርጌ በመረሬ አፈሯና በጤፏ ትታወቃለች፤ ሞጣም በስተ ሰሜን ትገኛለች። እንዲህ ያለውን አገር አንድ የሙያ ዘርፍ ብቻውን ሊያጠናው አይችልም። የአፈር ባለሙያው የርስትን ሥሪት ታሪክ፣ የውኃ መሐንዲሱም የገበሬውን ኑሮ ማወቅ ግድ ይሆንበታል።

በዚህ አገር መለካት ራሱ ታሪክ አለው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የሞጣና የቢቸና አውራጃ ገበሬዎች ግብር ገማች አናስገባም ብለው ጠመንጃ እስከ ማንሣት ደረሱ። ሥጋታቸው ስለ ግብሩ መጠን ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ከተለካ ርስትነቱ ያከትማል የሚል ነበር እንጂ። መንግሥት ጦር ቢያዘምትም በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴን አነሣ፤ ግብሩም በታሰበው መንገድ ሳይሰበሰብ ቀረ። ሜትር ይዞ ወደ ማሳ የሚገባ ተመራማሪ ይህን ሳያውቅ ቢገባ፣ ገበሬው ለምን ዝም እንዳለው አይገባውም።

ይሁን እንጂ የጎጃም ደጋ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ ተነሥቶ ነበር። በምድር ላይ ያለው ቋሚ ልኬት የመጣው ዘግይቶ ነው። የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክትን መሠረቱ፤ በ1984 ደግሞ በደምበጫ አካባቢ የአንጀኒ ጣቢያ ተከፈተ። 113 ሄክታር በሆነው በዚህ ትንሽ ተፋሰስ ዝናቡ፣ የጅረቱ ውኃና ውኃው ጠርጎ የሚወስደው አፈር ይለካ ጀመር። ዋናው መሣሪያ ግን ብረቱ ሳይሆን በየዕለቱ መዝገብ የሚይዘው የአካባቢው ሰው ነው።

ገቴ ዘለቀና ሐንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት በደምበጫ አካባቢ የተፈጥሮ ደን በ1957 ከነበረበት 27 በመቶ በ1995 ወደ 0.3 በመቶ እንደ ወረደ፣ የታረሰው መሬትም ከ39 ወደ 77 በመቶ እንዳደገ አሳዩ። በዓመቱ ስለ ጨሞጋ ተፋሰስ የወጣው ጥናት ግን ከ1957 እስከ 1998 ደኑ በየዓመቱ 11 ሄክታር ያህል ጨመረ ይላል። ላይ ላዩን ሲታይ ሁለቱ ይጋጫሉ። ነገር ግን በመጀመሪያው የተቆጠረው አገር በቀሉ ደን ሲሆን፣ በሁለተኛው ገበሬው የተከለው ባሕር ዛፍ ገብቶበታል፤ በዚያው በጨሞጋ የወንዝ ዳር ዛፎች በ79 በመቶ ቀንሰዋል። አንድ «ደን» የሚል ቃል ሁለት ነገር ተሸክሟል።

ሁለቱም ስፍራዎች ከጮቄ በስተ ደቡብና በስተ ደቡብ ምዕራብ ናቸው። በላይ ስማኔና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 የጮቄን ተፋሰሶች በስድስት የእርሻ ሥነ ምኅዳር ሲከፍሉ፣ የጥቁር አፈሩን ሜዳ ከቡናማው የለዩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ መረሬ በክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በቢቸና ክፍል ውስጥ የአንጀኒን ቁጥር የሚያስተምር መምህር፣ ከቁጥሩ አጠገብ የተለካበትን ቦታ፣ ዓመቱንና «ደን» የተባለው ምን እንደ ሆነ በሰሌዳው ላይ ሊጽፍ ይገባዋል።