የመምህርነት ቃለ መጠይቅ ዝግጅት

የመምህርነት ቃለ መጠይቅ ዝግጅት፦ አንድ አመልካች በትምህርት ቤት ቅጥር ኮሚቴ ፊት ከመቅረቡ በፊት የሚያደርገው መሰናዶ ነው። አመልካች ከሚወዳደርባቸው መካከል በአዲስ አበባ ፒያሳ አካባቢ ያሉ የቆዩ ትምህርት ቤቶች ይገኙበታል፦ ከቴዎድሮስ አደባባይ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወረድ ሊሴ ገብረ ማርያም ይገኛል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም ከፒያሳ ሩቅ አይደለም። ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። የዛሬው መምህር ግን ማስታወቂያ አንብቦ ይወዳደራል።

ፈተናው ብዙ ጊዜ የጽሑፍ፣ የቃልና የማስተማር ሙከራ ነው። አመልካቹ ለጥያቄ መልስ ሲያጠና ያድራል፤ የሚጥለው ግን ሙከራው ነው። ጠያቂዎቹ ተማሪ መስለው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሆን ብሎ ያወራል፣ ሌላው «አልገባኝም» ይላል። ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳውን በጠመኔ የሚሞላ ሰው፣ ዕውቀቱ ቢበዛም ነጥብ ያጣል። ስለዚህ የአንድ ርዕስ የዕለት ትምህርት ዕቅድ ጽፎ፣ በቤት ሰው ፊት ድምፅ አውጥቶ፣ ሰዓት ይዞ መለማመድ ከማንኛውም ንባብ ይበልጣል። ዕቅዱ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል በጀመረው ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ቢዘጋጅ ይመረጣል፤ በአሮጌው መጽሐፍ መምጣት ያስገምታል።

ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የሥራ ልምድና መልቀቂያ ዋናውም ኮፒውም ይያዛል። የቃለ መጠይቁ ቦታ ፒያሳ አካባቢ ከሆነ ደግሞ፣ በ2016 ዓ.ም. ብዙ የፒያሳ ቤቶች ስለፈረሱ «ከእንትን ፊት ለፊት» በሚል የድሮ ምልክት መሄድ ያስረፍዳል። ቦታውን በዋዜማው አይተው ይመለሱ።