አልበም ያላገኘው «ቢግ ጋን»

«ቢግ ጋን» የአውስትራሊያው የሃርድ ሮክ ባንድ ኤሲ/ዲሲ «ላስት አክሽን ሂሮ» ለተባለው የአርኖልድ ሽዋዘኔገር ፊልም እ.ኤ.አ. በ1993 የሠራው ዘፈን ነው። የደረሱት የባንዱ መሥራቾች፣ ወንድማማቾቹ አንገስ ያንግና ማልኮም ያንግ ናቸው። ዘፈኑ በአሜሪካው የቢልቦርድ የሮክ ሬዲዮ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቷል። ኤሲ/ዲሲ ይህን ደረጃ ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። ያም ሆኖ ዛሬ የባንዱ ሥራ ሲወሳ ስሙ እምብዛም አይነሳም። ዋናው ምክንያት ባንዱ ካወጣቸው መደበኛ አልበሞች በአንዱም ውስጥ አለመካተቱ ነው።

ኤሲ/ዲሲ ለፊልም አዲስ ሙዚቃ ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ደራሲው ስቲቨን ኪንግ በ1986 «ማክሲመም ኦቨርድራይቭ»ን ራሱ ሲያዘጋጅ የፊልሙን ሙዚቃ ለሚወደው ባንድ ሰጠ። ፊልሙ ከሰረ፤ «ሁ ሜድ ሁ» የተባለው የማጀቢያ አልበም ግን በሚሊዮኖች ተሸጠ። ሽዋዘኔገርም ከሮክ ባንድ ጋር መሥራትን ያውቅ ነበር። በ1991 ለ«ተርሚኔተር 2» ጋንስ ኤን ሮዝስ ዘፈን ሲያቀርብ ተዋናዩ ራሱ በክሊፑ ታይቷል።

በ1993 ነገሩ በስፋት ተደገመ። የጃፓኑ ሶኒ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲቢኤስ ሪከርድስንና ኮሎምቢያ ፒክቸርስን ስለገዛ የፊልሙ ኩባንያና የሙዚቃው ኩባንያ የአንድ ባለቤት ሆነው ነበር። በማጀቢያው አልበም ላይ ከኤሲ/ዲሲ ሌላ አሊስ ኢን ቼይንስ፣ ሜጋዴዝ፣ አንትራክስ፣ ዴፍ ሌፓርድና ኤሮስሚዝ ተሰለፉ። ክሊፑ በኤምቲቪ በታየ ቁጥር ፊልሙ ይተዋወቃል፤ ፊልሙ በታየ ቁጥር ደግሞ አልበሙ ገበያ ያገኛል፤ ስሌቱ ይህ ነበር።

ለባንዱ ግን ከዚህ ንግድ ይልቅ የበለጠ ዋጋ ያለው ዘፈኑን ፕሮዲውስ ያደረገው ሰው ነው። ሪክ ሩቢን ከልጅነቱ ጀምሮ የኤሲ/ዲሲ አፍቃሪ ነበር። ገና የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የሙዚቃ ኩባንያውን ዴፍ ጃምን ከመሠረቱት አንዱ ሲሆን፣ በ1984 ለሂፕ ሆፕ ቡድኑ ቢስቲ ቦይስ በሠራው «ሮክ ሃርድ» ላይ «ባክ ኢን ብላክ» የተባለውን የኤሲ/ዲሲ ዘፈን የጊታር ሪፍ ቆርጦ አስገብቷል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የዚያው ሪፍ ባለቤቶች ፊቱ ቆመው የሚቀርጻቸው እሱ ሆነ። ከዚያ በፊት የወጣው የባንዱ የስቱዲዮ አልበም «ዘ ሬዘርስ ኤጅ» በ1990 በብሩስ ፌርበርን እጅ በብዙ ተጣርቶና ተወልውሎ የወጣ ነበር። ሩቢን የፈለገው ግን የ1970ዎቹን ደረቅ ድምፅ ነው። «ቢግ ጋን» ላይ ይህ በግልጽ ይሰማል። የክሪስ ስሌድ ከበሮ ገደል ማሚቶ የለውም፤ ቀጥ ብሎ ይመታል። የማልኮም ጊታር ምቱን ይዞ ሳይንቀሳቀስ ይሄዳል፤ የአንገስ ጊታር በላዩ ላይ ይጫወታል፤ የብራያን ጆንሰን ሻካራ ድምፅ ከሁለቱም በላይ ይጮሃል። በአዝማቹ ላይ ካልሆነ በቀር የተደራረበ ነገር የለም። የዘፈኑ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው፤ ለፊልም ማሻሻጫ ተብሎ የተሠራ ቢሆንም የባንዱን የቀድሞ ጠባይ ከዚያ ዘመን ብዙ ሥራዎቹ በተሻለ ጠብቋል።

ክሊፑን የሠራው ከባንዱ ጋር ለዓመታት የቆየው እንግሊዛዊው ዳይሬክተር ዴቪድ ማሌት ነው። አንገስ በመድረክ ላይ ሁልጊዜ የተማሪ ዩኒፎርም፦ ኮፍያ፣ ኮት፣ ክራቫትና ቁምጣ ይለብሳል። ሐሳቡ የእህቱ የማርጋሬት ነበር። በክሊፑ ሽዋዘኔገር ይህንኑ ልብስ ለብሶ፣ ጊታር አንግቶ የአንገስን አካሄድ ይከተላል፤ ኋላም አጭሩን ጊታሪስት በትከሻው ላይ ይሸከመዋል።

ፊልሙ በአሜሪካ ሰኔ 18 ቀን 1993 ለሕዝብ ቀረበ። ልክ ከአንድ ሳምንት በፊት የስቲቨን ስፒልበርግ «ጁራሲክ ፓርክ» ወጥቶ ተመልካቹን ጠራርጎ ወስዶት ነበር። «ላስት አክሽን ሂሮ» በዓለም ዙሪያ ወደ 137 ሚሊዮን ዶላር ቢያስገባም ከወጣበት ወጪና ከተነገረለት አንጻር ኪሳራ ተባለ። የማጀቢያው አልበም የተሻለ ዕድል ነበረው፤ በአሜሪካ የፕላቲነም ሽልማት አግኝቷል።

«ቢግ ጋን» ክሪስ ስሌድ ከኤሲ/ዲሲ ጋር በስቱዲዮ የቀረጸው የመጨረሻ ሥራ ሆነ። በ1994 የቀድሞው ድራመር ፊል ራድ ተመለሰ፤ ስሌድ ወደ ባንዱ መድረክ ዳግም የመጣው በ2015 ነው። ከሩቢን ጋር የተጀመረው ግንኙነት በ1995 «ቦልብሬከር» የተባለውን ሙሉ አልበም አስገኘ። የዚያ ቀረጻ ግን ረጅምና አድካሚ ስለነበር ባንዱ ሩቢንን ዳግመኛ አልጠራም፤ የ2000ውን «ስቲፍ አፐር ሊፕ» ፕሮዲውስ ያደረገው የአንገስና የማልኮም ታላቅ ወንድም ጆርጅ ነበር።

ዘፈኑ ለረጅም ጊዜ የተገኘው በነጠላ ዜማው ዲስክና በፊልሙ ማጀቢያ ላይ ብቻ ነው። በ2009 ኤሲ/ዲሲ ከአልበም ውጭ የቀሩ ሥራዎቹን «ባክትራክስ» በተባለ ስብስብ ሲያወጣ «ቢግ ጋን»ንም አስገባው። በቀጣዩ ዓመት ለ«አይረን ማን 2» ፊልም 15 የባንዱ ዘፈኖች በአንድ አልበም ታተሙ፤ «ቢግ ጋን» ከመካከላቸው አልነበረም።