ጋዜጠኛ የት ይማር?

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጽሞ ለመጀመሪያ ዲግሪ ጋዜጠኝነትን ሊማር ያሰበ ወጣት፣ ኮሌጅ ሲመርጥ አስቀድሞ የሚጠይቀው የትምህርት ቤቱን ስም፣ የክፍያውን መጠንና ከምረቃ በኋላ የሚገኘውን ሥራ ነው። ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ትምህርት ቤቱን ያቆሙት ሰዎች ጋዜጠኛ የሚሠለጥነው በምን መንገድ ነው ብለው አመኑ የሚለው ነው። ጥያቄው ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። ክርክሩ ጎልቶ የታየው በአሜሪካ አገር ስለ ሆነ ታሪኩን ከዚያው እንመለከታለን። ከዚህ በታች የተጻፉት ዘመናት፣ የእኛ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋዜጣ ከጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት እጅግ ይቀድማል። በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ጋዜጠኛ የሚባለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከማተሚያ ቤት የወጣ ነበር። በልጅነቱ ገብቶ ወለል ይጠርጋል፣ ቀለም ያቀርባል፣ ከዚያም ፊደል መልቀም ይማራል፤ የለቀመውን እያነበበ ቋንቋ ያውቃል፤ ተሰጥዎና ዕድል ያለው እንደ ሆነ በመጨረሻ ብዕር ይጨብጣል። በእኛም አገር ነገሩ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። «ብርሃንና ሰላም» በ1917 ዓ.ም.፣ «አዲስ ዘመን» ደግሞ በ1933 ዓ.ም. መታተም ሲጀምሩ ጋዜጠኝነትን የሚያስተምር ኮሌጅ በአገሩ አልነበረም፤ ጸሐፊዎቹ ሥራውን የተማሩት እየሠሩ ነው።

በአሜሪካ ይህን ልማድ ለመለወጥ ቀድመው ካሰቡት አንዱ፣ በእርስ በርሱ ጦርነት ድል የሆነው ጄኔራል ሮበርት ሊ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በቨርጂኒያ የዋሽንግተን ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሳለ፣ በ1869 ለጋዜጣ ሥራ ለሚዘጋጁ ወጣቶች ነጻ የትምህርት ዕድል እንዲሰጥ አደረገ። ሐሳቡ ግን ሥር ሳይሰድ ቀረ። ከጋዜጣ አዘጋጆችም ብዙዎቹ፣ ጋዜጠኛ የሚወጣው ከጋዜጣ ቤት እንጂ ከመማሪያ ክፍል አይደለም ባዮች ነበሩ።

ይህን አስተያየት በገንዘብም በብዕርም የተዋጋው ጆሴፍ ፑሊትዘር ነው። ፑሊትዘር በ1847 በሀንጋሪ ተወልዶ፣ በ1864 በአሥራ ሰባት ዓመቱ አሜሪካ የገባ፣ የእንግሊዝኛን ቋንቋ እንኳ በኋላ የለመደ ሰው ነበር። በ1883 «ኒው ዮርክ ዎርልድ» የተባለውን ጋዜጣ ገዝቶ በአገሩ ካሉት ሁሉ እጅግ ከሚነበቡት አንዱ አደረገው። በ1892 የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የሚቆምበት ገንዘብ ለኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ልስጥ ቢል ዩኒቨርሲቲው አልቀበልም አለ። እንግዲህ ገንዘብ ተሰጥቶት የሚመልስ ትምህርት ቤት በየትም ቢፈለግ ጥቂት ነው፤ ጋዜጠኝነት በምሁራን ዘንድ ምን ያህል ተንቆ እንደ ነበር ከዚህ ይታወቃል። ዩኒቨርሲቲው ሐሳቡን ለውጦ የተስማማው በ1903 ነው፤ ስጦታውም በጠቅላላ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ነበር።

የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት በዚያን ጊዜ ስለ ትምህርቱ ዓይነት አሳብ ሲያቀርብ፣ የጋዜጣ አስተዳደርና የማስታወቂያ ሥራ ጭምር እንዲሰጥ ፈልጎ ነበር። ፑሊትዘር ይህን አልወደደውም። በ1904 «ኖርዝ አሜሪካን ሪቪው» በተባለው መጽሔት ባወጣው ሰፊ ጽሑፍ፣ ትምህርት ቤቱ የሚያስፈልገው ጋዜጣ ለመሸጥ ሳይሆን ሕዝብን ለማገልገል ነው ሲል ተሟገተ፤ ተማሪው ታሪክን፣ ሕግን፣ ኢኮኖሚንና ሥነ ምግባርን አብልጦ እንዲማር አሳሰበ። ይህን የጻፈው ሰው በ1890ዎቹ ዓመታት ጋዜጣውን ለማስፋፋት ሲል ወሬን በማጋነን ከተወቀሱት ዋነኛው መሆኑን ልብ ይሏል። ስለዚህ ስጦታውን እንደ ንስሐ የሚቆጥሩት አሉ። ንስሐም ሆነ አልሆነ ሐሳቡ ትልቅ ነበር። ፑሊትዘር ትምህርት ቤቱ ሳይከፈት በ1911 ሞተ፤ በ1912 ተከፈተ።

ኮሎምቢያ ሲያመነታ ሚዙሪ ቀደመው። ዋልተር ዊልያምስ በ1864 በሚዙሪ ውስጥ ቡንቪል በምትባል ከተማ የተወለደ፣ በልጅነቱ ማተሚያ ቤት ገብቶ ያደገ፣ ኮሌጅም ያልተማረ የጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ በ1908 የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ሲከፍት ዲን አድርጎ የሾመው እርሱን ነው። ኋላም በ1931 የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅቷል። (አንባቢውን እንዳያሳስት፣ ይህ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ስሟ ኮሎምቢያ ነው፤ ከኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋራ የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው።)

ትምህርቱ የተጀመረው ሴፕቴምበር 14 ቀን 1908 ነው፤ በዚያው ዕለት ተማሪዎቹ ያዘጋጁት ጋዜጣ የመጀመሪያ ቁጥሩ ታትሞ ወጣ። ጋዜጣው የግቢ ወሬ ብቻ የሚወራበት አልነበረም፤ የከተማው ሕዝብ የሚያነበው፣ የከተማውን ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤቱንና ገበያውን የሚከታተል ነበር። «የሚዙሪ ዘዴ» የተባለው ይህ ነው። በክፍል ውስጥ የሰውን ስም አሳስቶ የጻፈ ተማሪ ቀይ መስመር ተሰምሮበት ያልፋል፤ በከተማ ጋዜጣ ላይ ያሳሳተ ግን በማግሥቱ ስሙ የተሳሳተበት ሰው ራሱ ቢሮው ድረስ ይመጣበታል። ከሁለቱ የትኛው ተግሣጽ ዕድሜ ልክ እንደማይረሳ መናገር አያስፈልግም። መምህራኑም የጋዜጣ ሌሊትን የሚያውቁ፣ ቀለም የነካቸው ሰዎች ነበሩ። ከዘዴው ጉድለት ልናገር ብል፣ ተማሪው በየዕለቱ ሩጫ ተጠምዶ የሚጽፈውን ጉዳይ ምንነት ሳይመረምር ሊቀር መቻሉ ነው።

ይህን ጉድለት ለመሙላት የደከመው በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዊላርድ ብላየር ነው። እርሱ የወደደው አከፋፈል፣ ከትምህርቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ ለታሪክ፣ ለፖለቲካና ለኢኮኖሚ፣ አንድ አራተኛው ብቻ ለጋዜጣ ጽሕፈት እንዲሆን ነበር። ዛሬ በአሜሪካም ከአሜሪካም ውጭ የሚገኙት የጋዜጠኝነት ኮሌጆች በአብዛኛው የእነዚህ አሳቦች ልጆች ናቸው።

በእኔ አስተያየት፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚገባ ተማሪ ከዊልያምስ ጋዜጣውን፣ ከብላየር መጻሕፍቱን አጣምሮ የሚያገኝበትን ቦታ ቢፈልግ ይጠቀማል። ስም ብቻ የሚከተል ይሳሳታል፤ ለምሳሌ ከሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው የፑሊትዘር ትምህርት ቤት፣ ከ1935 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን እንጂ አዲስ ተማሪ ለመጀመሪያ ዲግሪ አይቀበልም። ይልቅስ ኮሌጁን ሊጎበኝ የሄደ ወጣት የተማሪዎቹን ጋዜጣ ወይም የሬዲዮ ዝግጅት አሳዩኝ ይበል። ከአጥሩ ውጭ የሚያነበው፣ የሚሰማው ሰው አለን? ስሕተት ሲገኝ የሚያርመው ማነው? እርማቱስ ይታተማልን? ከአራቱ ዓመት ስንቱ ለታሪክና ለሕግ ተመድቧል? ሕንጻው ቢያምር፣ መሣሪያው ቢበዛ፣ ለእነዚህ መልስ የሌለው ኮሌጅ ከውጭ ብቻ የተቀባ ቤት ነው።

እስካሁን የተናገርነው ግን መምረጥ ስለ ተፈቀደለት ሰው ነው። በካንሳስ ሲቲ፣ ሚዙሪ፣ ያደገችው ወይዘሪት ሉሲል ብሉፎርድ በ1928 ሁለተኛ ደረጃን በአንደኝነት ስትፈጽም ጋዜጠኛ ለመሆን ቆርጣ ነበር። ወላጆቿ ግብር በሚከፍሉበት ክፍለ ግዛት፣ ከከተማዋ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በዓለም የታወቀው የዊልያምስ ትምህርት ቤት ነበረ። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው ጥቁር ተማሪ አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ወሰን ተሻግራ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ በተማሪዎቹ ጋዜጣ ሠርታ በ1932 በጋዜጠኝነት ተመረቀች። ዊልያምስ በ1914 በጻፈው የጋዜጠኞች ቃለ እምነት ጋዜጣን የሕዝብ አደራ አድርጎ ነበር፤ ከሕዝቡ ከፊሉ ግን በትምህርት ቤቱ ደጃፍ አልቆመም።

ከዚያ በኋላ ወይዘሪት ብሉፎርድ «ዘ ኮል» በተባለው የካንሳስ ሲቲ ጥቁሮች ጋዜጣ ገብታ የአዘጋጅነት ሥራ ያዘች። በዲሴምበር 1938 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሎይድ ጌይንስ ክስ፣ ሚዙሪ ለነጭ ተማሪ የሕግ ትምህርት በግዛቱ ውስጥ እስከ ሰጠ ድረስ ለጥቁሩም እዚያው መስጠት ይገባዋል፣ ወደ ሌላ ግዛት ልኮ ክፍያውን መሸፈኑ አይበቃም ሲል ፈረደ። በሚቀጥለው ወር ወይዘሪት ብሉፎርድ ለሁለተኛ ዲግሪ ልትመዘገብ ወደ ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። የካንሳስ የትምህርት ማስረጃዋ በፖስታ ደርሶ ጥያቄዋ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር፤ ማስረጃው ስለ መልኳ የሚናገረው ነገር አልነበረውምና። በአካል በታየች ጊዜ መዝጋቢው ሹም መለሳት። በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ፋይሉ አልተለወጠም፣ የተለወጠው ባለ ፋይሏን የሚያየው ዓይን ነው።

እርሷም ደጋግማ አመለከተች፤ በታወቀው ጠበቃ በቻርልስ ሂውስተን አማካይነትም ከሰሰች። ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው መልስ፣ በጀፈርሰን ሲቲ ያለው ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ያስተምራት የሚል ነበር። ሊንከን በ1866 በእርስ በርሱ ጦርነት በተዋጉ ጥቁር ወታደሮች መዋጮ የተመሠረተ የተከበረ ትምህርት ቤት ነው፤ የጋዜጠኝነት ክፍል ግን ያን ጊዜ አልነበረውም። በ1941 የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሊንከን ጊዜ ሊሰጠው ይገባል በማለት አቤቱታዋን አልተቀበለም። በ1942 በሊንከን የጋዜጠኝነት ትምህርት ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ በጦርነቱ ምክንያት ተማሪና መምህር አነሰ ብሎ የጋዜጠኝነት ሁለተኛ ዲግሪውን ዘጋ። አንዲት ሴት እንዳትገባ ለሁሉም ተዘጋ ማለት ይቻላል። ዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያዎቹን ጥቁር ተማሪዎች የተቀበለው በ1950 ነው።

ወይዘሪት ብሉፎርድ ወደ ሚዙሪ ክፍል ሳትገባ ሥራዋን ቀጠለች፤ በ1955 የጋዜጣው መሥራች ቼስተር ፍራንክሊን ሲሞት የአዘጋጅነቱን ኃላፊነት ይዛ ቆየች፣ ኋላም አሳታሚ ሆነች። በ1984 የሚዙሪ ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የክብር ሜዳልያ ሰጣት፤ በ1989 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የክብር ዶክትሬት አቀረበላት። እርሷም ለራሷ ብቻ ሳይሆን በሩ ለተዘጋባቸው ጥቁር ተማሪዎች ሁሉ ብላ ተቀበለችው። በ2003 በ91 ዓመቷ አረፈች።