ከሥጋ ደዌ እስከ ክሪፕቶኮከስ፦ የቆዳ ናሙና ታሪክ

ከደሴ ወደ ኩታበር ሲኬድ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ በታሪክ ጸሐፍት ዘንድ የሚታወቀው በ1870 ዓ.ም. በተደረገው የሃይማኖት ጉባኤ ነው። ለእኛ ለሕክምና ባለሙያዎች ግን ስሙ ከሥጋ ደዌ ጋር የተያያዘ ነው፤ በ1940ዎቹ ዓ.ም. ሚስዮናውያን ያቋቋሙት ሆስፒታል የዚህን በሽታ ሕሙማን ለረዥም ዘመን ሲያስተናግድ ኖሯልና።

የዚያ ዘመን የምርመራ መሣሪያ ምላጭ ነበር። የጆሮ ጫፍ ወይም ያበጠው ቆዳ ደሙ እስኪሸሽ በጣት ተቆንጥጦ ይያዝና ጥቂት ይበጣል፤ ተፍቆ የወጣው ፈሳሽ በመስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ቀለም ጠጥቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ቁጥር እየቀነሰ ሲሄድ ይህን ሥራ በእጁ የሚያውቅ ባለሙያም አንሷል።

ይህን ማንሣታችን ስለ ሌላ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ኦቶ ቡሴ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ከአንዲት ሴት የቅልጥም አጥንት ቁስል ውስጥ እርሾ መሰል ፈንገስ አገኘ፤ በኋላ በቆዳ ሕክምና ስሙ የገነነው አብርሃም ቡሽኬም ያችኑ በሽተኛ መርምሮ ጽፏል። ዛሬ ክሪፕቶኮከስ የምንለው ይኸው ነው። ለብዙ ዓመታት የሊምፍ ካንሰር እንደያዛቸውና ፕሬድኒሶሎን እንደሚወስዱ ባሉ ጥቂት ሰዎች ላይ የሚታይ ብርቅ በሽታ ሆኖ ቆየ። (ፕሬድኒሶሎን የሥጋ ደዌ ሪአክሽን ማስታገሻም መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።)

በአገራችን የኤድስ ሕሙማን ለመጀመሪያ ጊዜ በሆስፒታል የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ ፈንገሱ ብርቅ መሆኑ ቀረ። በሰውነት ከተሠራጨባቸው ሕሙማን ከአሥሩ በአንዱ ገደማ በቆዳ ላይ ይወጣል፤ ፊት ላይ መካከሉ እንደ እምብርት የጎደጎደ ብጉር ይሆናል። ሞለስከም ከተባለው ቀላል የቫይረስ ሕመም ጋር መልኩ አንድ ነው፤ አልፎ አልፎ የሥጋ ደዌ እባጭ ወይም ቁንጭር ይመስላል።

መሳሳቱ ሕይወት ያስከፍላል። ብጉሩ ሞለስከም ነው ተብሎ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ወዲያው ቢጀመርና ፈንገሱ ወደ አንጎል ሽፋን ገብቶ ቢሆን፣ የሚያገግመው የመከላከያ ኃይል ራሱ በሽተኛውን ሊገድለው ይችላል። አምፎተሪሲንና ፍሉኮናዞል ቀድመው፣ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንዲቆይ የሚመከረውም ስለዚህ ነው።

ለዚህ መለያ ታዲያ ያ የቀድሞው ምላጭ ይበቃል። ከብጉሩ የተፋቀው ናሙና በኢንድያ ኢንክ ሲታይ፣ እርሾው ወፍራም ነጭ ቀለበት ለብሶ በጥቁሩ መካከል ይታያል። በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ውጤቱ እንደታወቀም የጀርባ አጥንት ውኃ ለመቅዳት መዘጋጀት ይገባል።