ከኮርቻ እስከ አውቶሞቢል ወንበር

በደብረ ማርቆስ አካባቢ በምትገኘው ሮብ ገበያም ሆነ በሌላው የጎጃም ደጋ፣ አውቶሞቢል ከመምጣቱ በፊት የመንገዱ ጌቶች ፈረስና በቅሎ ነበሩ። የኮርቻው አጽም እንጨት ሲሆን፣ ባለሙያው ክፍሎቹን የሚያስተሳስረው በእርጥብ ጠፍር ነው፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ስለሚኮማተር መገጣጠሚያውን አጥብቆ ይይዛል። ላዩን የሚያለብሰው ግን በቀረጥና በመሳሰሉት ዕፀዋት የለፋ ቆዳ ነው።

በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ አንድ አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ አደረሰ። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ይሁን እንጂ መኪናው በፍጥነት ሲለመድ፣ «ፋቂ» የሚለው ቃል ለረጅም ዘመን ስድብ ሆኖ ኖረ።

በአውሮፓ የተሠራው ታሪክ ሌላ ነው። በ1878 እ.ኤ.አ. በለንደን በጫማ ጥገና የጀመረው የኮኖሊ ወንድማማቾች ድርጅት በኮርቻና በሠረገላ ቆዳ አልፎ፣ የሮልስ ሮይስን፣ የጃጓርንና የፌራሪን ወንበሮች ለማልበስ በቃ። ፋብሪካው በ2002 እ.ኤ.አ. ቢዘጋም፣ የጥንት የስፖርት መኪና ወንበር በአዲስ ቆዳ የሚያለብስ ባለሙያ ዛሬም በዚያ ይከበራል።

ለወንበር የሚፈለገው ሰፊና ጠባሳ የሌለበት የከብት ቆዳ ነው። በእኛ አገር ግን የመተኮሻ ምልክት፣ መዥገርና የገፋፊው ቢላ ቆዳውን ገና ከፋብሪካ ሳይደርስ ያበላሹታል። የደጋው በግ ቆዳ በስስነቱና በጥንካሬው ለጓንት በዓለም ገበያ የታወቀ መሆኑ ሲታሰብ፣ የጎደለው ጸጋ አለመሆኑ ግልጽ ነው። የጎደለው ለከብቱ ቆዳ ጥንቃቄ፣ ለፋቂው ደግሞ ክብር ነው።